ሞተሩ ሳይጠፋ ጩኸቱ ጠፋ

አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። አብራሪው ጆሮው ላይ ከሚያደርገው ሄድሴት በሚወርደው ገመድ መሃል፣ በመዳፍ በምትያዝ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። የትንሿ የሴስና 172 አውሮፕላን ሞተር ተነስቶ፣ ወንበሩም መስኮቱም የአብራሪው ደረትም አብረው ሲርገበገቡ ያቺን ቁልፍ ጫን ያደርጓታል። በቃ! ያ ሁሉ ጉርምርምታ ከጆሮ ላይ ይነሳል። ሞተሩ አልጠፋም፤ መለኪያዎቹ በቦታቸው ናቸው፣ ፕሮፔለሩም ፊት ለፊት እየዞረ ነው። ጩኸቱ ግን የለም! ነፋሱ በክንፉ ላይ ሽው ሲል ይሰማል። አጠገብ የተቀመጠው አስተማሪ በለሆሳስ የሚናገረው ይሰማል። የመቆጣጠሪያ ማማው ድምፅ ደግሞ ጥርት ብሎ፣ ቃል ከቃል ሳይጣበቅ፣ ቁጥር ከቁጥር ሳይምታታ ይገባል።

ይህን ነገር ካገኘሁ ወዲህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቡና ላይ አወራዋለሁ፣ ከቅዳሴ መልስ አወራዋለሁ፣ ማብረር በሐሳቡ መጥቶ ለማያውቅ ሰው ሳይቀር አወራዋለሁ። አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ከሥራ በተረፋቸው ሰዓት ማብረር የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ አገር ቤት በሴስና የሚለማመዱ እጩ አብራሪዎች አሉ። ብዙዎቹ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለሰዓት፣ ለመነጽር፣ ለሚያምር የበረራ ቦርሳ ያወጡና ጆሮአቸውን ይረሱታል። ለትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ከትምህርቱ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ዕቃ ግን ይህ ነው፤ ጩኸትን በድምፅ የሚያጠፋ ሄድሴት። አብራሪዎቹ ባጭሩ ኤኤንአር ይሉታል።

በትልቅ የመንገደኞች ጄት ብቻ የተጓዘ ሰው የትንሽ አውሮፕላንን ጩኸት አያውቀውም። የሴስና 172 ኮክፒት በስስ አሉሚኒየም የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። ከሞተሩ የሚለየው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ሞተር፣ ከግድግዳው ወዲህ የአብራሪው ጉልበት። ሄድሴት ሳያደርጉ እዚያ ውስጥ መነጋገር ወፍጮ ቤት ቆሞ ምስጢር እንደማውራት ነው። ጩኸቱ ብዙ ጊዜ 90 ዴሲቤልን ይነካል፣ ያልፋልም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተመራማሪዎች ለሠራተኛ ጆሮ የሚመክሩት ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ ሲደርስ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል። አንድ መደበኛ የልምምድ በረራ የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። የሄደ የመስማት ኃይል ደግሞ አይመለስም።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ፤ እኔ ስደርስበት ከተቀመጥኩበት ነው ብድግ ያልኩት። የሴስና 172 ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። በጉዞ ላይ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ በሰከንድ 40 ዙር ነው። ባለአራት ምት ሞተር በመሆኑ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሲሊንደሮች ይተኩሳሉ፤ በሰከንድ 80 ተኩስ። ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ዘንግ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፣ ክንፎቹም ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ በሰከንድ 80 ጊዜ አየሩን ይመታል። ሞተሩም 80፣ ፕሮፔለሩም 80! ሁለቱ እዚያው ላይ ተደራርበው ነው ያንን አጥንት የሚነዝር ወፍራም ድምፅ የሚሰጡት። የዚህ ዓይነት ወፍራም ድምፅ ደግሞ በስፖንጅና በፕላስቲክ የሚቆም አይደለም። ፉጨትንና የነፋስ ሽውታን ጥሩ የጆሮ ሽፋን ይመልሳቸዋል፤ 80 ኸርዝ ግን ሽፋኑን አልፎ ይገባል። ተራው ሄድሴት የሚሸነፈው እዚህ ነው፤ ኤኤንአር የሚያሸንፈውም እዚሁ ነው። የጎደለውን ቦታ መርጦ የሚሞላ መሣሪያ ማለት እንዲህ ነው!

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከምቾት አልፎ እኛን በቀጥታ ይነካል። ወፍራም ድምፅ ሲበረታ ከእሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይውጣቸዋል፤ የጆሮ ተፈጥሮ ነው። የ«ስ»፣ የ«ት»፣ የ«ፍ» ድምፆች ቀጭንና ደካማ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ቃልን ከቃል የሚለየው በአብዛኛው በእነሱ ነው። በአቪዬሽን ሬዲዮ 9 «ናይነር»፣ 5 «ፋይፍ»፣ 3 «ትሪ» እየተባሉ እንዲጠሩ የተደነገገው በከንቱ አይደለም። እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው በጩኸት የተዋጠውን ድምፅ በልማድ ይሞላዋል። አድገን ለተማርነው ግን የተዋጠው እንደተዋጠ ይቀራል። ጩኸት ሁለተኛ ቋንቋውን የሚያዳምጥን ሰው አብልጦ እንደሚጎዳ በጥናት የታወቀ ነው። ስንቱ ጎበዝ ተማሪ ነው «ሬዲዮ አይገባኝም፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ብሎ ራሱን የወቀሰ! እንግሊዝኛው ደህና ነው። ጆሮው ላይ ያለው ዕቃ ነው ደካማ።

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ደግሞ የምንማርበት ሰማይ ራሱ ከሌላው ይለያል። ከዋና ከተማዋ እስከ 30 ኖቲካል ማይል ድረስ ልዩ የበረራ ደንብ የሚሠራበት ክልል ነው፤ የማናሰስ አውሮፕላን ማረፊያም በዚሁ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ የሚነሳ ተማሪ የበረራ ዕቅድ ያስገባል፣ የራሱ ባለአራት አሃዝ ኮድ ይቀበላል፣ ከፖቶማክ አፕሮች ተቆጣጣሪዎች ጋር በሬዲዮ ይገናኛል። ያለ ፈቃድና ያለ ኮድ መግባት ሕግ መጣስ ነው። የኮዱን አንዲት አሃዝ አሳስቶ መስማት በሌላ ቦታ «ድገሙልኝ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ያስጠይቃል። እንዲህ ባለ ሰማይ ላይ ጥርት ያለ ጆሮ የቅንጦት ዕቃ ነው የሚል ሰው ካለ በጭራሽ አልስማማም።

እኔ ልዩነቱን ያወቅሁት በጓደኛዬ ደግነት ነው። በትምህርት ቤት ሄድሴት ነበር የምማረው፤ ስፖንጁ የደረቀ፣ ጭንቅላት የሚጨምቅ፣ ብዙ ተማሪ የተፈራረቀበት። አንድ ቀን ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር ሆኖ የራሱን ኤኤንአር፣ ቦዝ ኤ20፣ አውልቆ ሰጠኝ። ቁልፏን ስጫናት የተቆጣጣሪዋ ድምፅ እዚያው ኮክፒት ውስጥ ያለች ያህል ቀርቦ መጣ። የሰጠችኝን መመሪያ አንዴ ሰምቼ ሳልንተባተብ መልሼ አነበብኩላት። አስተማሪዬ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ በሌላ ሄድሴት መማር አልፈለግሁም።

እስቲ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ሳስበው እስከ አሁን ይደንቀኛል። በእያንዳንዱ የጆሮ ሽፋን ውስጥ ትንሽ ማይክ አለች። የገባውን ጩኸት ትሰማለች፤ ሰምታም ለኤሌክትሮኒክሱ ታቀብላለች። ኤሌክትሮኒክሱ የዚያን ጩኸት ግልባጭ ይሠራል። ጩኸቱ አየሩን ሲገፋ ግልባጩ ይስባል፣ ጩኸቱ ሲስብ ግልባጩ ይገፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ድምፅ በድምፅ ይሞታል! ይህ ሁሉ በሰከንድ 80 ጊዜ ለሚመታው ጉርምርምታ፣ ያለ ዕረፍት፣ ሰዓታት ሙሉ ይሠራል። ሬዲዮው ግን ሳይነካ ያልፋል፤ መሣሪያው ከሬዲዮ የሚመጣውን ስለሚያውቀው አያጠፋውም።

ሐሳቡ ከመሣሪያው ብዙ ይቀድማል። ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ ድምፅን በድምፅ ስለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ፓተንት አግኝቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ በዘመኑ የነበረው ኤሌክትሮኒክስ ሐሳቡን ሊሸከመው አልቻለም። አርባ ዓመት አለፈ። ከዚያም በ1978 የኤምአይቲው ፕሮፌሰር አማር ቦዝ ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበርሩ አየር መንገዱ የሰጣቸውን ማዳመጫ ጆሮአቸው ላይ አደረጉ። የአውሮፕላኑ ጩኸት ሙዚቃውን ዋጠባቸው። ሌላ ሰው አውልቆ ይተኛ ነበር፤ እሳቸው ግን እዚያው ወንበራቸው ላይ ወረቀት አውጥተው ስሌቱን ይሠሩ ጀመር። ቦስተን ሲያርፉ የሐሳቡ መሠረት ወረቀት ላይ ነበር!

ከስሌት ወደ ዕቃ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል፤ ፈተናውም የዋዛ አልነበረም። በታኅሣሥ 1986 ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር ቮየጀር በተባለች አውሮፕላን ከካሊፎርኒያ ኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር ተነስተው፣ የትም ሳያርፉ፣ ነዳጅም ሳይሞሉ፣ ዓለምን ዞሩ። 9 ቀን! ከሞተር ጋር ተጣብቀው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቀንና ሌሊት። ጆሮአቸው ላይ የነበረው የቦዝ ኩባንያ የሙከራ ሄድሴት ነው። ኩባንያው በ1989 የመጀመሪያውን ጩኸት አጥፊ የአቪዬሽን ሄድሴት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየአውቶቡሱ ወጣቱ ሁሉ የሚያደርገው ጩኸት አጥፊ ማዳመጫ ከመስፋፋቱ በፊት ቴክኖሎጂው ከአብራሪ ጆሮ ላይ ነበር። ኤ20 የወጣው በ2010፣ ተከታዩ ኤ30 ደግሞ በ2023 ነው።

ስለ አዲሱ ይህን ያህል ስናገር አሮጌውን ላስቀይም አልፈልግም። በአሜሪካ ትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች ያን አረንጓዴ ሄድሴት ሳያዩ መዋል አይቻልም፤ ዴቪድ ክላርክ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር ከተማ በ1935 የተቋቋመው ይህ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው በሴቶች የውስጥ ልብስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያንኑ የሚለጠጥ ልብስ የመሥራት ጥበቡን ተጠቅሞ ተዋጊ አብራሪዎች በሹል ጥምዝ ላይ ራሳቸውን እንዳይስቱ የሚረዳ ልብስ ሠራ። ኤድ ኋይት በ1965 ከጄሚኒ መንኮራኩር ወጥቶ በኅዋ ላይ ሲንሳፈፍ የለበሰው ልብስ የዴቪድ ክላርክ ሥራ ነው። ሄድሴቱ የመጣው በ1975 ነው። ዛሬም ኤች10-13.4 የተባለውን ሞዴል የሚመርጡ አሉ፣ እኔም አከብራቸዋለሁ። ባትሪ አይፈልግም። ቢወድቅ አይሰበርም። ሲያረጅ ክፍሉ እየተቀየረ ይቀጥላል። ጩኸትን እስከ 23 ዴሲቤል እንዲቀንስ ተመዝግቦለታል፤ ዋጋውም ከውዶቹ ኤኤንአሮች ግማሽ አይሞላም። ገንዘብ ካጠረ እሱን መግዛት ምንም አያሳፍርም። ብቻ ያ 80 ኸርዝ ከእናንተ ጋር ይኖራል።

ወደ ምርጫው ልግባ። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሄድሴት መምረጥ አይቻልም። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጥሩ ነው፣ ሁሉም ለስላሳ ነው። የሚለየው ከሁለት ሰዓት በረራ በኋላ ነው። ያኔ ክብደቱ አንገት ላይ ይመጣል፣ መጨመቂያው መንጋጋ ላይ ይመጣል፣ የላይኛው ቅስት አናት ላይ አንዲት ነጥብ ፈልጎ ይወጋል። ኤ20 340 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ዴቪድ ክላርኩ ከእሱ ይከብዳል። ተራ ሄድሴት ጩኸት የሚከላከለው በክብደቱና በጭመቃው ስለሆነ መጨመቅ ግዴታው ነው። ኤኤንአር የሥራውን ከፊል በኤሌክትሮኒክስ ስለሚሠራ ላላ ብሎ መቀመጥ ይችላል። ራስ ምታትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን የገንዘቡን ግማሽ ይመልሳል!

መነጽር የምታደርጉ፣ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሞክሩ። ወፍራም የመነጽር ክንድ በጆሮ ሽፋኑና በቆዳ መካከል ቀዳዳ ይከፍታል፤ በዚያች ቀዳዳ ጩኸቱ ይገባል። ቀጭን ክንድ ያለው መነጽር ለበረራ ብቻ ማሠራት ሄድሴት ከመቀየር ይረክሳል። ሹሩባ የምትሠሩ እህቶች ደግሞ ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ሄድሴት በወጉ የሚፈተነው ጸጉራችሁ ለበረራ በምትሠሩት ዓይነት ተሠርቶ ሳለ ነው። ቅስቱ ጉንጉኑ ላይ ሲያርፍ ከሰዓት በኋላ ሊያሳምም ይችላል፤ ጉንጉኑ ከጆሮ ሽፋኑ ሥር ከገባ ደግሞ ያው የመነጽሩ ቀዳዳ ይፈጠራል። ራስ ላይ ቅስት ለማይመቸው ሰው ክላሪቲ አሎፍት የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ ለስላሳ ስፖንጅ ጫፉ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ፣ ላባ የሚያህል ቀላል። ያለ ባትሪ የሚሠራ ነው፣ የሚወዱትም በጣም ይወዱታል። ጆሮ ውስጥ ነገር መክተት ለማይሆንለት እንደ እኔ ላለ ሰው ግን አልመክረውም።

ማይኩን ማንም አያስበውም፤ ሌላው ሰው የሚሰማን ግን በእሱ ነው። የአቪዬሽን ማይክ ከፊትም ከኋላም ክፍት ነው። ከሩቅ የሚመጣው የሞተር ጩኸት በሁለቱም በኩል እኩል ይገባና እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የእናንተ ድምፅ ግን ከአፍ አጠገብ ስለሚመጣ በአንዱ በኩል በርትቶ ይገባል። ይህ የሚሆነው ማይኩ ከንፈር ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነው። አገጭ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀመጥ ማይክ የሚያስተላልፈው ሞተሩን ነው። በማይኩ ላይ ወደ ከንፈር መዞር ያለበትን ጎን የሚያሳይ ነጥብ ወይም ጽሑፍ አለ፤ ተገልብጦ ከሆነ አስተካክሉት። «ድምፅህ አይሰማም» እየተባለ የሚወቀስ ተማሪ ብዙ ጊዜ ማይኩን ወደ ከንፈሩ ሁለት ጣት ያህል ማስጠጋት ይበቃዋል። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፣ ዛሬውኑ ይሠራል!

ስፒናው ላይ አትሳሳቱ። በአብዛኛው ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሚሠራው መንታ ስፒና ነው፤ ወፈር ያለው ለማዳመጫው፣ ቀጠን ያለው ለማይኩ። የሄሊኮፕተር ሄድሴት ነጠላ ስፒና አለው። ከአውሮፕላኑ ኃይል የሚወስድ ባለስድስት እግር ስፒናም አለ፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ግን አውሮፕላኑ ሶኬቱ ሊኖረው ይገባል፤ የኪራይ አውሮፕላን ለሚያበርር ተማሪ መንታው ይሻለዋል። ኤ20 በሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ 45 ሰዓት ያህል ይሠራል። ባትሪው በበረራ መሃል ቢያልቅስ? ጩኸት ማጥፋቱ ይቆማል እንጂ ሬዲዮውና ማይኩ ይቀጥላሉ። ይህን በማወቄ ልቤ ያርፋል፤ እናንተም መለዋወጫ ድንጋይ ከቦርሳችሁ አትለዩ።

ብሉቱዝ አብዛኞቹ አላቸው። ስልክ ለማውራት ነው ብላችሁ አትናቁት። ታብሌት ላይ በሚሠራ የበረራ ካርታ የሚመጣው የድምፅ ማስጠንቀቂያ በዚሁ በኩል ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ዓይን ውጭውን እያየ ጆሮ ይጠብቃል።

አሁን ስለ አንድ ነገር ቀስ ብዬ ልናገር፤ ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ እሱ ነው። በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ማሞቂያ ሲከፈት ሙቀቱ የሚመጣው በማርሚታው ዙሪያ ካለፈ አየር ነው። ማርሚታው ከተሰነጠቀ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሙቀቱ ጋር ወደ ኮክፒት ይገባል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ድምፅ የለውም። በጥር 2019 አርጀንቲናዊው እግር ኳስ ተጫዋች ኤሚሊያኖ ሳላ ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲጓዝ የተሳፈረባት ፓይፐር ማሊቡ ባሕር ላይ ወደቀች። የብሪታንያ መርማሪዎች በደሙ ውስጥ ያገኙት የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን 58 በመቶ ነበር፤ አብራሪውም በዚያው ጋዝ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ደምድመዋል። የኦሪገኑ ላይትስፒድ ኩባንያ በ2022 ዴልታ ዙሉ የተባለ ሄድሴት ሲያወጣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመርመሪያ አብሮ ከተተበት። ጋዙ ሲበዛ ሄድሴቱ በጆሮ ውስጥ በድምፅ ያስጠነቅቃል! አብራሪው ሳይረሳው፣ ሳይለየው ራሱ ላይ ተሸክሞት የሚሄደው ዕቃ ሕይወቱን ይጠብቅለታል። ቤተሰብ ይዞ የሚበርር ሰው፣ በተለይ በክረምት ማሞቂያ ከፍቶ፣ ይህን ቢያስቀድም ቅር አልሰኝም፤ እንዲያውም አጨበጭብለታለሁ።

ታዲያ ዋጋው? ኤ30ም ዴልታ ዙሉም እያንዳንዳቸው ከ1,000 ዶላር በላይ ናቸው። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ አገር ቤት ልኮ፣ የበረራ ሰዓቱን በሰዓት እየከፈለ ለሚማር ሰው በጣም ብዙ ነው። ስለዚህ መንገዶቹን ልጠቁም። ያገለገለ ኤ20 ገበያ ላይ አለ፣ አዲሱ ኤ30 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው አሮጌውን እየሸጠ ስለሆነ ትዕግሥት ያለው ጥሩ ያገኛል። ላይትስፒድም ሆነ ሌሎች ኩባንያዎች በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጧቸው ኤኤንአሮች አሏቸው። በየዓመቱ በሐምሌ ወር ዊስኮንሲን ውስጥ ኦሽኮሽ ላይ በሚደረገው ታላቅ የአቪዬሽን ትርኢት አምራቾቹ ሁሉ ድንኳን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ጎን ለጎን አድርጎ ለማወዳደር ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ገመዱን እያጣመመ ያዳምጥ፤ የሚንጫጫ ከሆነ ይተወው። የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫውን ከፍቶ ዝገት ካለ ይመልከት። የጆሮ ሽፋኑ ስፖንጅና የማይኩ ስፖንጅ ቢያረጁ ግን አይደንግጥ፤ ሁለቱም በትንሽ ገንዘብ ይቀየራሉ፣ ከሌላ ሰው የተገዛ ከሆነም መቀየራቸው ለጤናም ይበጃል። የመለያ ቁጥሩን ለአምራቹ ደውሎ ማጣራት ከተሰረቀ ዕቃ ያድናል። ከወታደር ቤት የወጣ ርካሽ ሄድሴት ያየ ሰው አይቸኩል፤ የኤሌክትሪክ መጠኑ ከሲቪል አውሮፕላን ሬዲዮ ጋር ስለማይስማማ ድምፁ ደካማ ሊሆንበት ይችላል። ለሙዚቃ የተሠራ ጩኸት አጥፊ ማዳመጫም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የአቪዬሽን ማይክና ስፒና የለውም።

አገር ቤት ላላችሁ ተማሪዎች፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የሽቶና የጫማ ትእዛዛችሁን ዘንድሮ እለፉትና ይህን አስመጡ። ላኪው ሲገዛ መንታ ስፒና መሆኑን፣ ደረሰኙ መቀመጡንና ዋስትናው በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቅ፤ ዕቃው ቢበላሽ የሚጠገነው በአብዛኛው ወደ አምራቹ ተመልሶ ነውና።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። አቅሙ ያለው ዴልታ ዙሉን ወይም ኤ30ን ይግዛ። አቅሙ የሌለው ያገለገለ ኤ20 ይፈልግ። እሱም ካልተቻለ ዴቪድ ክላርክ ገዝቶ ትምህርቱን ይጀምር፤ ሄድሴት ጠብቆ ትምህርት ማዘግየት አያስፈልግም። ኤኤንአር ያላችሁ አብራሪዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ አዲስ ተማሪ ስታገኙ ለአንድ በረራ አውሱት፤ ቁልፏንም ራሱ ይጫናት።